አሥር መደመር

ሁለቱ መስመሮች አንድ ዓይነት ቀን መያዛቸውን ዘሙሩድ ያስተዋለችው ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ነው። ያን ጊዜ የጀነሬተሩ ሠራተኛ ኤጀታ ስቶር ውስጥ ከተቆለፈበት ሁለት ሰዓት አልፏል፤ ሚስቱ ጫልቱም ምሳውን በጨርቅ ቋጥራ ከግቢው በር ውጪ ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች። በሥራ መዝገቡ ላይ የትናንቱ መስመር የገጹ መጨረሻ ነበር፤ የዛሬው ደግሞ ገጹ ሲገለበጥ የጀርባው መጀመሪያ። ጠዋት ስትጽፍ የትናንቱ ከሥር ተሸፍኖ ስለነበር አላየችውም። አሁን ቅጠሉን በሁለት ጣቷ ይዛ አንዴ ፊቱን፣ አንዴ ጀርባውን አገላበጠችው። ትናንት፣ በባልደረባዋ በሣራ እጅ፦ ሴፕቴምበር 15። ዛሬ፣ በራሷ እጅ፦ ሴፕቴምበር 15። ትናንትና ዛሬ አንድ ቀን ሊሆኑ አይችሉም፤ ይህን ለማወቅ ደግሞ አሥራ ሁለተኛ ክፍል መድረስ አያስፈልግም።

ጠዋት ከቤት ስትወጣ የምትፈራው ሌላ ነበር። ዘሙሩድ የምትፈራው ነገር አጥታ የወጣችበት ቀን የለም፤ ባሏ ከማለዲን «አንቺ እኮ ፍርሃት ቢያልቅብሽ ከጎረቤት ትበደሪያለሽ» ይላታል። የዚያን ቀን የፈራችው የልጇን የፋዲላን ሳል ነው። ፋዲላ አሥር ዓመቷ ነው፤ ሌሊቱን ሁለት ጊዜ ስላሳለች ዘሙሩድ ከመጋረጃው ወዲያ እየተነሣች ግንባሯን ስትዳስስ አነጋች። ቤታቸው ከየካ ሚካኤል በላይ፣ የጋራው ባሕር ዛፍ ከሚጀምርበት ጥግ፣ በመጋረጃ ለሁለት የተከፈለች አንዲት የቀበሌ ቤት ናት። ክረምቱ ሲወጣ የግድግዳው ጭቃ ስለሚያብጥ አልጋው ከግድግዳው አንድ ክንድ ርቆ ነው የሚቀመጠው፤ በክፍተቱ ውስጥ የላምባ ጀሪካንና የከማለዲን የመንገድ ሻንጣ ይቆማሉ። ከማለዲን የአሰብ መስመር ሾፌር ነው፤ በማግሥቱ ንጋት ላይ መውጣቱ ነበር። ሻዩን ያለ ስኳር እየጠጣ ሻንጣውን ሲያይ፣ እሷም እሱን ስታይ፣ የሁለቱም ብርጭቆ ባዶ ሆነ። የቀበሌው ሱቅ ስኳር ካመጣ ሦስት ሳምንት ሆኖታል፤ ከነጋዴ ደግሞ ኪሎው ሰባት ብር ገብቷል። አዲሱ የራሽን ካርድ ሲታተም ስኳር ይመጣል ተብሏል። ካርዱ የሚታተመው ዘሙሩድ በምትሠራበት መሥሪያ ቤት ስለሆነ፣ ቁልቁል ስትወርድ የሚያገኟት ጎረቤቶች ስኳሩን አልጋዋ ሥር የደበቀችው ይመስል «ኧረ መቼ ነው ዘሙሩድ?» ይሏታል። «ዛሬ ነው፤ ኢንሻአላህ ዛሬ ማታ» አለቻቸው። አፏ ላይ የወጣውን ቃል ወዲያው ፈራችው።

መሥሪያ ቤቱ ጉርድ ሾላ ነው። ከመገናኛ ወዲያ አውቶቡሱ እንደ ጆንያ ተጠቅጥቆ ስለነበር በአንድ እግሯ ቆማ ነው የደረሰችው። በሩ ላይ ኤጀታ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ጠበቃት። ከእነሱ ሰፈር ከፍ ብሎ፣ ዱሮ አባቱ ገብስ ያርሱበት ከነበረው ዳገት ላይ ይኖራል፤ አሁን ዳገቱ የመንግሥት ደን ሆኗል፣ እሱም የመንግሥት ጀነሬተር ጠባቂ።

«እታለም፣ መብራት ሌሊት ሄዳ አደረች» አላት። «እንግዳችሁን፣ ያቺን ኮምፒዩተር፣ ተኝታ ነው የምታገኟት።»

«ጀነሬተሩስ?»

«ጀነሬተሩማ ሰው ነው፤ ሳይበላ አይሠራም። ናፍጣ ስጡኝ ብዬ ሦስት ጊዜ ጻፍኩ። ሦስቱንም ማኅተም መትተው መለሱልኝ፤ ማኅተሙን ልጨምርበት እንዴ ሆዱ ውስጥ?»

ሳቀችና ገባች። በኋላ ያ ሳቅ ቆጫት።

የኮምፒዩተሩ ክፍል መስኮት የለውም። ማቀዝቀዣው ስለሚበርድ ሠራተኞቹ ከነጩ ጋዋን በታች ሹራብ ይደርባሉ። ከሦስት ዓመት በፊት ትልቋ መኪና፣ የአሁኗ ኮምፒዩተር፣ ስትገባ የራሽን ካርዱን የሚሠራው ፕሮግራም የተጻፈው ለተጣለችው ለድሮዋ ትንሽ መኪና ሆኖ ተገኘ። እንደገና የሚጽፈው ሰው ስላልነበረ ከናይሮቢ የመጣው መሐንዲስ አንድ ዘዴ አበጀ፤ ትልቋ መኪና በሆዷ ውስጥ የድሮዋን መኪና ሆና እንድትጫወት አደረጋት። ይህች የውስጧ መኪና ብረት የላትም፣ ሽቦ የላትም፣ ጠባይዋ ብቻ ነው የቀረው። ፕሮግራሙ ግን ልዩነቱን አያውቅም፤ የድሮ ቤቱ ውስጥ ያለ መስሎት ይሠራል። መሐንዲሱ ይህን ሁለት ሰዓት ሙሉ በእንግሊዝኛ አስረዳ። ከሁሉ ቀድሞ የገባው የክፍሉ ትንሿ ሠራተኛ ለሆነችው ለሣራ ነበር። «ኧረ ይሄማ ዛር ነው!» አለች። «ትልቋ ፈረስ ናት፣ ትንሿ ዛር። ትወርድባትና በአፏ ትናገራለች።» ከዚያን ቀን ጀምሮ ስማቸው ፈረሷና ዛሯ ሆነ። ዘሙሩድ መጀመሪያ ሰሞን ቃሉ በተነሣ ቁጥር «አዑዙ ቢላህ» ትል ነበር፤ ውሎ አድሮ ግን እሷም ጠዋት ስትገባ «ዛሯ ወረደች?» ማለት ለመደች።

እነሱ ሲገቡ መብራቱ ተመልሷል። ፈረሷ መብራት ጠፍቶባት ስትነሣ፣ እንደ ነቃ በሽተኛ መጀመሪያ የምትጠይቀው ቀኑንና ሰዓቱን ነው፤ በፈረንጅ አቆጣጠር። ሰዓቱን ዘሙሩድ አትስትም። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ከአርባ ስለነበር ስምንት ከአርባ ብላ ጻፈች። ቀኑን ከግድግዳው ካላንደር ታይ ነበር፤ የአዲሱ ዓመት ካላንደር ግን ገና አልታደለም፣ የአሮጌውን ሣራ ለዕንቁጣጣሽ አውርዳ መጽሐፍ ሸፍናበታለች። ስለዚህ በጣቷ ደመረች። መስከረም ላይ አሥር ነው የሚደመረው፤ ይህን ሥራ ከያዘች ጀምሮ እንዲሁ ነው። መስከረም አምስት ሲደመር አሥር፣ አሥራ አምስት። ጻፈች፤ መዝገቡን ገለጠችና እዚያም ጻፈች። ፈረሷ አመስግና ተነሣች። ዛሯን ጠሯት። ስክሪኑ ላይ ፊደልና ቁጥር የተቀላቀለባት አንዲት መስመር ወጣችና ሁሉ ነገር ቀጥ አለ።

እንደገና ጠሯት፤ ያችው መስመር። ለሦስተኛ ጊዜ ጠሯት። የክፍሉ ኃላፊ ጋሽ ገብረ ክርስቶስ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ ወፍራሙን የስህተት መጽሐፍ ከቁም ሣጥን አወጡና ቁጥሩን ፈለጉ። መጽሐፉ የሚለው «ዲስኩ ላይ ያለው ምዝገባ ተቀባይነት የለውም፤ መሐንዲስ ይጠራ» ብቻ ነበር። መሐንዲሱ ናይሮቢ ነው፤ ስልክ ለመደወል ወረፋ መያዝ አለ፤ ወረፋው ደግሞ ከሰዓት በኋላ ሊደርስ ይችላል ተባለ። እስከዚያ የሚያውቁትን ሁሉ አደረጉ። ዲስኩን አወረዱና አልኮል በነካ ጥጥ ጠረጉት። ገመዶቹን አንድ በአንድ ነቅለው ሰኩ። ያለፈውን ሳምንት የመጠባበቂያ ዲስክ ሊጭኑ አሰቡና፣ እሱም ከተበላሸ ምን ይውጠናል ብለው ተዉት። ሣራ ጎንበስ ብላ ለመኪናዋ «እመቤቴ፣ ምን ጎደለሽ? ጥቁር ዶሮ ነው? ገብስማ ነው?» ስትላት ማንም አልሳቀም። ዘሙሩድ የሚታያት ሌላ ነበር። ሌሊቱን መብራቱ ሲመላለስ ዲስኩ ተቃጥሏል፤ የሦስት መቶ ሺህ ቤተሰብ ስም ጠፍቷል፤ ስኳር አይኖርም፤ ሕዝቡ ይጮኻል፤ ሕዝቡ ሲጮኽ ደግሞ አንድ ሰው ተጠያቂ ይሆናል። እዚህ ላይ ስትደርስ የፋዲላ ሳል በመሃል ብቅ አለባት።

ከጠዋቱ አምስት ሰዓት ላይ የመሥሪያ ቤቱ ካድሬ ጓድ አካሉ ገባ። ጋዋን ሳይለብስ መግባት ክልክል ቢሆንም እሱን የሚከለክል አልነበረም። ወጣት ነው፤ ድምፁን ከፍ አድርጎ ተናግሮ አያውቅም፤ ሰው የሚፈራውም ለዚህ ነው። ካርዶቹን የሚወስዱት የጭነት መኪኖች ከየከፍተኛው ጽሕፈት ቤት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እንደሚመጡ ሁሉም ያውቃል፤ እሱ ግን እንደ አዲስ ነገር ነገራቸው። ከዚያ ስክሪኑን አየት አድርጎ «ትናንት ትሠራ ነበር?» አለ።

«አዎ ጓድ» አሉ ጋሽ ገብረ ክርስቶስ።

«ዛሬ አትሠራም።»

«አዎ ጓድ።»

«በመካከሉ ሌሊት አለ ማለት ነው» አለና ወጣ።

ዘሙሩድ የሕትመት ወረቀት ለማምጣት ስትወጣ ነው የሰማችው። የጋሽ ገብረ ክርስቶስ ቢሮ በር ገርበብ ብሎ ነበር፤ ከውስጥ የካድሬው ለስላሳ ድምፅ ይመጣል። «ብልሽት አትበሉኝ። ብልሽት ራሱን አይሠራም። ከበላይ ሲጠይቁኝ አንድ ስም ያስፈልገኛል፤ አሥራ አንድ ሰዓት ሳይሞላ።» ጋሽ ገብረ ክርስቶስ ስለ ናፍጣው ጥያቄ አንድ ነገር ሲያጉተመትሙ ተሰማ። «ታዲያ ጀነሬተሩን ማን ነው የሚይዘው?» አለ ጓድ አካሉ። ጋሽ ገብረ ክርስቶስ ስሙን ሲናገሩ አልሰማችም፤ ግን ሩብ ሰዓት ሳይቆይ ዘበኛው ኤጀታን በክንዱ ይዞ በግቢው መሃል ሲያልፍ በኮሪደሩ መስኮት አየች። ኤጀታ ጨርቁን ገና በእጁ እንደያዘ ነበር። ስቶሩ የታሸገ ወረቀትና የተሰበረ ወንበር የሚቀመጥበት፣ መብራት የሌለው ቤት ነው። ቁልፉ ዞረ። «አሻጥር» የሚለውን ቃል ማንም ጮክ ብሎ አልተናገረውም፤ ምሳ ሰዓት ላይ ግን በሁሉም ሰው አፍ ውስጥ እንደ ትኩስ ድንች ይገላበጥ ነበር።

ምሳ አልበላችም። ወደ በሩ ወጣ ስትል ጫልቱን አገኘቻት። ጫልቱ ቀጠን ያለች፣ ከጋራው ቅጠል ተሸክማ ስለምትወርድ ትከሻዋ የጎበጠ ሴት ናት። ሰላምታውን እንኳ ሳትጨርስ «ሥራ በዝቶበት ነው አሉኝ፤ ውሸት ነው አይደል?» አለቻት።

«መኪናዋ ስለተበላሸች ነው። ስትሠራ ይወጣል።»

«መኪናዋን እሱ ነው ያበላሻት?»

«አይ፣ እሱ አይደለም።»

«እንግዲያው ምን ሆኖ ነው የሚቆለፍበት?» አለች ጫልቱ፤ የተቆጣች ሳትሆን፣ መንገድ የምትጠይቅ ሰው በሚመስል ድምፅ። ጫልቱ ቋጠሮውን ጭኗ ላይ አስተካክላ፣ ምግቡ እንዳይቀዘቅዝ በነጠላዋ ጫፍ ሸፈነችው።

እንግዲህ ስምንት ሰዓት ላይ መዝገቡን የገለጠችው፣ ለናይሮቢው ስልክ መብራት የጠፋበትን ሰዓት ለማዘጋጀት ብላ ነው። ሁለቱን አሥራ አምስቶች አየች። የትናንቱን ሣራ ከስክሪኑ ላይ ነው የገለበጠችው፤ ስክሪኑ ደግሞ ከነሐሴ ጀምሮ ሳይጠፋ ቀኑን ራሱ ሲቆጥር ስለከረመ አይሳሳትም። የተሳሳተችው እሷ ናት። ደግማ በጣቷ ቆጠረች። አሥር፣ አሥር፣ ሁልጊዜ አሥር። ከዚያ ጳጉሜ ትዝ አለቻት። ዘንድሮ ጳጉሜ ስድስት ነበረች። በአራት ዓመት አንዴ ብቅ የምትለው ያች ስድስተኛ ቀን አዲሱን ዓመት አንድ ቀን ገፍታዋለች፤ ዘንድሮ መስከረም ላይ አሥራ አንድ ነው የሚደመረው። ዘሙሩድ ሥራውን ከያዘች ስድስተኛ ቀን ያላት ጳጉሜ ስትመጣ ይህች የመጀመሪያዋ ናት። ዛሯ ትናንት ማታ በአሥራ አምስት ሥራዋን ፈጽማ፣ ዲስኩ ላይ ፈርማ ተኝታለች፤ ዛሬ ቀሰቀሷትና ገና የአሥራ አምስት ጠዋት ነው አሏት። ያልደረሰ ማታ የተፈረመበት ዲስክ ሲሰጧት፣ እሷም እንደ ጤነኛ ሰው፣ ይህ ነገር ተቀባይነት የለውም አለች።

ፈረሷን አጠፋች። መልሳ አስነሣቻት። ቀን ስትጠየቅ አሥራ ስድስት ብላ ጻፈች፤ ስድስቱን ሁለት ጊዜ መታችውና አጥፍታ ደገመችው። ዛሯን ጠራች። ስክሪኑ ትንሽ አሰበ። ከዚያ መስመሮቹ ተከታትለው ወረዱ፤ ስም፣ ቀበሌ፣ የቤተሰብ ብዛት። ማተሚያው ማጓራት ሲጀምር ሣራ ከመቀመጫዋ ዘልላ እልል አለች። ጋሽ ገብረ ክርስቶስ እየሮጡ ገቡ፤ መነጽራቸው ግንባራቸው ላይ መሆኑን ረስተው ስክሪኑን በባዶ ዓይናቸው አፍጥጠው አዩት።

«ምን አደረግሽ?»

«ቀኑን ተሳስቼ ነበር፤ ጠዋት። ጳጉሜ ስድስት መሆኗን...» ጨረሰችላቸው።

ሽማግሌው መነጽራቸውን ከግንባራቸው አወረዱ። ሣራም እልልታዋን አቆመች። ማተሚያው ብቻ ይጮኻል። «መኪናዋ ተነሥታለች» አሉ በመጨረሻ፣ ወደ እሷ ሳያዩ። «መነሣቷ ነው ቁም ነገሩ። እንዴት ተነሣች ያለ የለም። ልጅ አለሽ አይደል?»

«አለችኝ።»

«በይ እንግዲህ።»

ይህንኑ የዝምታ ምክር እሷም ለራሷ ሰጥታው ነበር፤ ከእሳቸው ቀድማ። መኪናዋ ከተነሣች ኤጀታን ምን ያደርጉታል? ይለቁታል። ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። ዘጠኝ ተኩል ሆነ። በኮሪደሩ መስኮት ስትመለከት የስቶሩ በር እንደተዘጋ ነው፤ ከአጥሩ ውጪ የጫልቱ ነጠላ ጫፍ ይታያል። አሥር ሰዓት ላይ ጓድ አካሉ የታተሙትን ካርዶች ሊያይ መጣ። አንዱን አንሥቶ ወደ መብራቱ ከፍ አደረገና ፈገግ አለ። «አያችሁ?» አለ። «ሰውየው ከተቆለፈ በኋላ ተነሣች። እሱ ክፉ እጁን ከላይዋ ሲያነሣ መኪናዋ ሠራች። ይሄ ማስረጃ ነው።» ለዘጠና ደቂቃ በልቧ የተማመነችበት ነገር ተገልብጦ የኤጀታ መታሰሪያ ሆነ። ሪፖርቱን ሊጽፍ ወደ ቢሮው ሄደ።

ዘሙሩድ ከማተሚያው አጠገብ ቆማ ቀረች። ያሰበችው ብዙ ነበር፤ አብዛኛውም የሚያምር ሐሳብ አልነበረም። የባሏን ወንድም ነጅመዲንን አሰበች፤ በስልሳ ዘጠኝ ሲጠሩት ከቢሮው ወንበር ላይ ተነሥቶ የሄደውን፣ ኮቱ ለሦስት ወር ወንበሩ ላይ ተሰቅሎ የቀረውን። እሷ ብትሄድ ከማለዲን መንገድ ላይ ነው፤ ፋዲላን ማን ያበላታል? ሳሏን ማን ይሰማል? ኤጀታም አምስት ልጆች አሉት። የእሱን አምስትና የእሷን አንድ ስትመዝን ራሷን አገኘችና አፈረች፤ እንዲህ ያለ ሚዛን የሚይዝ ሰው ምን ይባላል? ኮሪደሩን እየሄደች መሆኑን ያወቀችው የካድሬውን በር ስታንኳኳ ነው።

«ጓድ፣ ኤጀታ ምንም አላደረገም። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

ጓድ አካሉ እስክሪብቶውን አስቀመጠ፤ ወንበር አሳያት። አልተቀመጠችም። ሁሉንም ነገረችው፤ አሥሩን፣ አሥራ አንዱን፣ ጳጉሜን፣ ሁለቱን መስመሮች። ሲሰማ ፊቱ ላይ ምንም አልተነበበም።

«ጳጉሜ በየአራት ዓመቱ ስድስት ትሆናለች» አለ። «ይሄን ሕፃን ያውቀዋል።»

«እኔም አውቃለሁ ጓድ። ረሳሁት።»

«ረሳሽው።» ቃሉን እንደ ሳንቲም አገላበጠው። «ማን ነው ያስረሳሽ?»

«ማንም። አሥር መደመር ለምዶብኝ ነው።»

«ኤጀታ ጎረቤትሽ ነው አይደል?»

«ከእኛ በላይ ነው ቤቱ።»

«አብራችሁ ነው የምትመጡት? አብራችሁ ነው የምትሄዱት?»

«መንገዱ አንድ ስለሆነ አንዳንዴ። እሱ ግን ኮምፒዩተሩ ክፍል ገብቶ አያውቅም። ቀኑን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ መዝገቡ ላይ እጄ አለ።»

ነጭ ወረቀት ገፋላት። ይህን ቆሞ መጻፍ ስለማይቻል ተቀመጠች። ጻፈች፤ ኤጀታ የሚለውን ስም አንድ ጊዜ ብቻ፣ ምንም አላደረገም ከሚለው ጋር አስገባችው። ሙሉ ስሟን ከነአባቷና ከነአያቷ፣ ቀበሌዋን፣ የቤት ቁጥሯን ጻፈች። ፈርማ ስትገፋለት መልሶ ገፋላት። «ቀን» አለ። እስክሪብቶው ወረቀቱ ላይ ቆመ። ለአንድ አፍታ ዛሬ ስንት መሆኑን ፈጽማ አጣችው። ጓድ አካሉ የምታፌዝበት መሰለውና ቅንድቡ ተነሣ፤ እሷ ግን በእውነት እየቆጠረች ነበር። መስከረም 5 ቀን 1980 ብላ ጻፈች። ወረቀቱን አጥፎ መሳቢያ ውስጥ አስገባውና መሳቢያውን በጉልበቱ ዘጋው።

«ሂጂ። ስናስፈልግሽ እንጠራሻለን።»

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መኪኖቹ ካርዱን ጭነው ሲወጡ፣ ዘበኛው ስቶሩን ከፈተ። ኤጀታ ዓይኑን በእጁ እየጋረደ ወጣ። ጫልቱ በሩ ላይ ስትጠብቀው አላለቀሰችም፣ አላቀፈችውም፤ ቋጠሮውን ብቻ አቀበለችው። እሱም እዚያው ቆሞ የቀዘቀዘውን ምሳ እስከ መጨረሻው በላ።

ሦስቱም አብረው ነው የተመለሱት። ከየካ ሚካኤል በላይ ዳገቱን ሲጀምሩ ጭቃው ገና አልደረቀም ነበር፤ ጫልቱ ከፊት፣ ሁለቱ ከኋላ። ዘሙሩድ በዚህ ሰዓት አብረው መታየታቸው ራሱ ነገር እንዳያመጣ እየፈራች ወደ ጎን ራቅ ብላ ትሄድ ነበር።

«ለምን ተናገርሽ?» አላት ኤጀታ ድንገት። «ሁለት ቀን ተኝቼ እወጣ ነበር። የስቶሩ እንቅልፍ ለጉድ ነው።»

«ሁለት ቀን አይደለም።»

«እሱስ አዎ» አለ። ሲጋራ አወጣ። ሦስት ክብሪት ጫረ፤ ሦስቱም እጁ ላይ ጠፉ። ሲጋራውን መልሶ ኪሱ ከተተ። «ሊያወጣኝ ሲመጣ ያ ዘበኛ ጳጉሜ ስድስት እንደነበረች ታውቅ ነበር ወይ አለኝ። እንዴት አላውቅ? ደመወዝ የማይከፈልባት ቀን ናት እኮ! በነፃ የሠራሁባትን ቀን እረሳለሁ እንዴ? እናንተ የተማራችሁ ናችሁ የምትረሱት።»

ጫልቱ ከፊት ሆና ሳቀች፤ መጀመሪያ እሷ፣ ከዚያ እሱ። ከቤቷ መታጠፊያ ሲደርሱ ጫልቱ ዞር ብላ የዘሙሩድን እጅ በሁለት እጇ ያዘች፤ ሳመችው። «ዋቃ ይጠብቅሽ» አለች።

ቤት ስትገባ ከማለዲን ሻንጣውን አሥሯል። ፋዲላ በፋኖሱ ብርሃን ደብተሯ ላይ ተኝታለች። ዘሙሩድ ራት አቀረበች፣ ሰሐን አጠበች፣ ልጇን ወደ አልጋዋ ወሰደች። ከዚያ ፌስታል አወጣችና ፎጣ፣ ግማሽ ሳሙና፣ ወፍራሙን ሹራቧን፣ አንድ ነጠላ ጫማ ከተተችበት፤ በሩ አጠገብ አስቀመጠችው። ከማለዲን ሻንጣውንና ፌስታሉን እያፈራረቀ አየ።

«የት ልትሄጂ ነው?»

ነገረችው። ቆማ ነው የነገረችው፤ እንደ ካድሬው ፊት። ስትጨርስ አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻላት ነበር። ብርጭቆውን አንሥቶ ባዶ መሆኑን አየና መልሶ አስቀመጠው። ከመጋረጃው ወዲያ ፋዲላ ተገላበጠች፤ አልጋው ጮኸ። ከሩቅ፣ ከአስፋልቱ በኩል፣ የመኪና ድምፅ ዳገቱን ሲይዝ ተሰማ። ሁለቱም አዳመጡት። ማርሹን ቀነሰ፤ ሞተሩ ከበደ፤ ወደ እነሱ የሚያመጣው መታጠፊያ ጋ ደረሰ። አለፈ። ከማለዲን በሾፌር ጆሮው እስከ መጨረሻው ሸኘው።

«ቶዮታ ነው» አለ። «ካምቢዮው የደከመ።» ከዚያ ጉልበቱን እያሸ ጠየቃት፦ «እውነት ዘንድሮ ጳጉሜ ስድስት ነበረች እንዴ?»

«ነበረች።»

«እኔም ረስቼዋለሁ» አለ። ሻንጣውን ወደ አልጋው ሥር ገፋ አደረገው። «ለስምሪት ክፍሉ እነግራቸዋለሁ፤ ነገ ሌላ ሰው ይውጣ። ልጅቷ እየሳለች ነው።»

ዘሙሩድ ፋዲላ ከመሸ አንድ ጊዜም እንዳላሳለች ልትነግረው ፈለገችና ተወችው። ፋኖሱን ዝቅ አደረገች። ጋደም ስትል ከማለዲን ቀና ብሎ ወደ በሩ አየ።

«አልቆለፍሽውም።»

«ሆን ብዬ ነው» አለች ቀስ ብላ። «ከመጡ ቢደበድቡት ልጅቷ ትደነግጣለች። ገፍተው ይግቡ፤ ዝም ብዬ እወጣለሁ።»

ከማለዲን ብርድ ልብሱን ወደ ላይ ሳበ። «ቆልፊው» አለ። «ከመጡ ያንኳኳሉ። የሰው ቤት ነው።»

ተነሣች። ወለሉ ይቀዘቅዛል። ፌስታሉን በእግሯ ወደ ጎን አለችና፣ መወርወሪያውን ገፍታ ቁልፉን ሁለት ጊዜ አዞረችው።